የሩሲያን የአመዳይ ወራት ሥዕል እንዴት እናንብብ፦ የሌቪታንን «መጋቢት» ይዘን ደረጃ በደረጃ

የሩሲያን የክረምት ሥዕል ለመተርጎም የሚነሣ የአማርኛ አንባቢ ከሥዕሉ አስቀድሞ ሁለት የገዛ ቋንቋውን ቃላት መመርመር ይኖርበታል። የመጀመሪያው «ክረምት» ነው። ለእኛ ክረምት ዝናብና ጭቃ፣ የሞላ ወንዝና ለምለም ሣር ነው፤ ሩሲያውያን «ዚማ» የሚሉት ወቅት ግን የሚውለው እኛ እህል አጭደን፣ ወቅተን ወደ ጎተራ በምናስገባበት በበጋው ወራት ነው። ሁለተኛው «በረዶ» ነው፤ ይህ አንድ ቃል ከዝናብ ጋር የሚወርደውን ጠጠር፣ የረጋውን ውኃ፣ እንደ ባዘቶ ብን እያለ የሚወርደውንም ነጭ ነገር ጠቅልሎ ይጠራል። ለዚህ ለመጨረሻው ከመጻሕፍት የምናውቀው «አመዳይ» የሚል ጥሩ ቃል ስላለን በዚህ መመሪያ የምጠቀመው በእርሱ ነው።

ለመለማመጃ የመረጥኩት የኢሳክ ሌቪታንን «መጋቢት» ነው። ሠዓሊው በ1895 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በትቬር ጠቅላይ ግዛት፣ ጎርካ በተባለ የገጠር ርስት በእንግድነት ተቀምጦ የሣለው ሲሆን፣ ዛሬ ሞስኮ በሚገኘው የትሬቲያኮቭ ቤተ ሥዕል ይታያል። ምስሉን በስልክዎ ወይም በኮምፒውተርዎ ከፍተው ይህን ጽሑፍ ጎን ለጎን ቢያነቡት ይበልጥ ይጠቅምዎታል። የመመሪያው መነሻ ሐሳብ አንድ ነው፦ በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ አመዳይ ብርሃን የሚጻፍበት ብራና ነው፤ ስለዚህ ስለ ኀዘን፣ ስለ ብቸኝነት ወይም ስለ ተስፋ አንዲት ቃል ከመናገራችን በፊት ወሩን፣ ሰዓቱንና የቅዝቃዜውን መጠን ከራሱ ከአመዳዩ ላይ ማንበብ ይገባናል።

ደረጃ 1፦ ሥዕሉን በትክክለኛ መጠኑ ያስቡት

በስክሪን ላይ ሥዕሎች ሁሉ እኩል ይሆናሉ። «መጋቢት» ወደ ላይ 60፣ ወደ ጎን 75 ሳንቲሜትር ነው። ይህን ልክ በሜትር ለክተው በግድግዳዎ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበትና ፊት ለፊቱ ይቁሙ። አንድ ሰው በብብቱ ሥር ይዞ ወደ ውጭ ሊወጣ የሚችል ሸራ መሆኑን ያኔ ያስተውላሉ፤ ሌቪታንም የሣለው በአብዛኛው እዚያው ደጅ ላይ ቆሞ ነው። ከዚያ ጋር የሚወዳደረው የኢጎር ግራባር «የየካቲት ሰማያዊ» (1904) ቁመቱ 141፣ ወርዱ 83 ሳንቲሜትር ነው። ወደ ጎን የተኛው ሸራ ወደ ግቢው እንዲገቡ ይጋብዝዎታል፤ ወደ ላይ የቆመው ግን አንገትዎን ቀና ያስደርጋል። የሸራው ቅርጽ የመጀመሪያው የሠዓሊው ውሳኔ ስለሆነ ከሁሉ በፊት ይመዝግቡት።

ደረጃ 2፦ ጥላውን ይፈልጉ፣ ቀለሙንም ይፈትሹ

ጊዜዎን በብዛት የሚያሳልፉት በዚህ ደረጃ ላይ ሊሆን ይገባል፤ ብዙ ተርጓሚ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በቅድሚያ ጥላ መኖር አለመኖሩን ይዩ። ጥርት ያለ ጠርዝ ያለው ጥላ ካለ ሰማዩ ጠርቷል፣ ፀሐይም ወጥታለች፤ ጥላው ደብዝዞ ከአመዳዩ ጋር የሚቀላቀል ከሆነ ፀሐይዋ በስስ ደመና ውስጥ ናት፤ ጭራሽ ከሌለ ቀኑ ደመናማ ነው።

ቀጥለው የጥላውን ርዝመት ከባለቤቱ ቁመት ጋር ያነጻጽሩ። እኛ ፀሐይ ከአናት በላይ በምትቆምበት አገር ያደግን ሰዎች ይህን ምስክርነት በቀላሉ እናልፈዋለን፤ በአዲስ አበባ ፀሐይ ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ ወር እንኳ የእኩለ ቀን ጥላ ከሰው ቁመት ያጥራል። ሌቪታን በነበረበት አካባቢ ግን በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ የዛፍ ጥላ ከራሱ ከዛፉ ቁመት ከስድስት እጥፍ በላይ ይረዝማል፤ በመጋቢት አጋማሽ ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ያጥራል። ስለዚህ በሩሲያ ሥዕል ውስጥ ረጅም ጥላ ሲያዩ «መሽቷል» ብለው አይቸኩሉ፤ የታኅሣሥ እኩለ ቀንም ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ቀለሙ ይምጡ። አንድ ነጭ ወረቀት ወስደው መሐሉ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል ቀዳዳ ያውጡ። ወረቀቱን በምስሉ ላይ ጋርደው ቀዳዳዋን በመጀመሪያ ፀሐይ በመታችው አመዳይ ላይ፣ ከዚያ በጥላው ላይ፣ በመጨረሻም በሰማዩ ላይ ያኑሩ። የአካባቢው ቀለም ሲሸፈን ዐይን የለመደውን መፍረድ ትቶ ያለውን ያያል። ፀሐይ የመታችው ክፍል ወደ ቢጫነትና ወደ ሐምራዊ ሮዝነት ያደላ ሆኖ ይገኛል፤ ጥላው ደግሞ ሰማያዊ ነው፣ አንዳንድ ቦታም ወይን ጠጅ ይነካዋል። እኔ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከርኩ ዕለት ዐይኔን አላምን ብዬ ወረቀቱን በጥላውና በሰማዩ መካከል ደጋግሜ አመላልሻለሁ፤ ለዓመታት «ነጭ» ስለው በኖርኩት ሥዕል ውስጥ ንጹሕ ነጭ ያገኘሁት በጣም ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ነበር።

ምክንያቱ የሠዓሊው ምናብ እንዳይመስልዎ። አዲስ የወረደ አመዳይ ከሚያርፍበት ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ይረጫል፣ የራሱም የሆነ ቀለም የለውም ለማለት ይቻላል። ፀሐይ ፊት ለፊት የመታችው ቦታ የፀሐይዋን ሞቃት ብርሃን ይመልሳል፤ ጥላ ያረፈበት ቦታ ግን ፀሐይዋ ስለተጋረደችበት የሚበራው ከሰማያዊው ሰማይ በሚወርደው ብርሃን ብቻ ነው። ጥላው ሰማያዊ የሆነው ሰማዩን ስለሚያንጸባርቅ ነው ማለት ነው። ከዚህ አንድ ጠቃሚ መመዘኛ ይገኛል፦ የጥላው ሰማያዊነት በጠነከረ ቁጥር ሰማዩ የጠራ ነው። ሥዕሉ ሰማዩን ባያሳይዎት እንኳ ከጥላው ተነሥተው ሊያውቁት ይችላሉ። አመዳይ በሚጥልበት አገር የምትኖሩ፣ በሚኒሶታም ሆነ በስዊድን፣ ይህን ለማረጋገጥ መስኮት መክፈት ብቻ ይበቃችኋል።

ደረጃ 3፦ አመዳዩ ስንት ቀን ሆኖታል?

አመዳይ እንደ እንጀራ ነው፤ የዛሬውና የሰነበተው ይለያያል። ትናንት ማታ የወረደው ለስላሳ ነው፣ በቅርንጫፍና በአጥር ላይ ተቆልሎ ይታያል፣ ጠርዙም ክብ ነው። የኢቫን ሺሽኪን «ክረምት» (1890፣ በሴንት ፒተርስበርግ የሩሲያ ቤተ መዘክር) ለዚህ ግሩም ምሳሌ ነው፤ በጥዱ ጫካ ውስጥ በወደቁት ግንዶች ላይ የተከመረውን ያህል አመዳይ ነፋስ ነክቶት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ተቆልሎ አይገኝም ነበር። ስለዚህ የሺሽኪንን ዝምታ ሲጠቅሱ ማስረጃዎ ያ ያልተነካ ክምር ነው።

ቀን እየቀለጠ ሌሊት መልሶ የሚረጋ አመዳይ ግን ላዩ ይጠነክራል፤ ሩሲያውያን ይህን ጠንካራ ቅርፊት «ናስት» ይሉታል። የሚቀልጥ አመዳይ ደግሞ ይከብዳል፣ ይሰጥማል፣ ከጣራ ላይ ይንሸራተታል። አሁን በ«መጋቢት» ላይ በግራ በኩል ካለው ቢጫ የእንጨት ቤት ደጃፍ በላይ ወዳለው ትንሽ ጣራ ይመልከቱ። አመዳዩ ወፍራም ሆኖ ተንጠልጥሏል፤ ለመውደቅ የተዘጋጀ ይመስላል። ከዚያ ዝቅ ብለው መንገዱን ይዩ፤ ነጭነቱ ጠፍቶ ቡናማና እርጥብ ሆኗል። ሁለቱን ሲያገናኙ የአየሩ ቅዝቃዜ መርገብ እንደ ጀመረ ያውቃሉ፤ ይህን የሚነግርዎ የሥዕሉ ስም ሳይሆን ጣራውና መንገዱ ነው።

ደረጃ 4፦ የወሩን ስም በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደ ተጻፈ ያረጋግጡ

ሩሲያ እስከ 1918 ድረስ የምትጠቀመው በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአዲሱ በ12 ቀን፣ ከ1900 ወዲህ ደግሞ በ13 ቀን ወደ ኋላ ይቀራል። እንግዲህ የሌቪታን «ማርት» ዛሬ በአውሮፓውያን ማርች ከሚባለው ወር ጋር አይገጥምም። በእኛ ሲቆጠር ከመጋቢት 5 እስከ ሚያዝያ 5 ያለው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ የሥዕሉን ስም «መጋቢት» ብሎ መተርጎም ከማንኛውም የምዕራብ ቋንቋ ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ነው ብል አላጋነንኩም። በዚያ ወር ውስጥ ማርት 25 የብሥራት በዓል ይውላል፤ እርሱም የእኛው መጋቢት 29 ነው። ሩሲያውያን በዚያ ቀን በወጥመድ የተያዙ ወፎችን ከታሰሩበት አውጥተው የመልቀቅ የቆየ ልማድ አላቸው፤ ይህን ለደረጃ 7 ይያዙልኝ።

የግራባርም «የካቲት» እንዲሁ ከእኛ የካቲት ጋር ሊገጥም ምንም አይቀረው። ታኅሣሥን የመሰለ ጨለማ የሌለበት፣ ፀሐይ ከፍ ያለችበት፣ ቅዝቃዜው ግን ገና ያልለቀቀበት ጊዜ ስለሆነ ነው ሠዓሊው ያንን ሁሉ ብርሃን ያገኘው።

ደረጃ 5፦ የሰውን ዱካ ይከተሉ

በ«መጋቢት» ውስጥ አንድም ሰው የለም። ሆኖም ባዶ አይደለም፤ ዳማ ፈረስ በአመዳይ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ተጠምዶ ቆሟል፣ የቤቱም በር ገርበብ ብሏል። አንድ ሰው ፈረሱን አቁሞ ገብቷል፤ ይመለሳል። በወረቀትዎ ላይ በሥዕሉ ውስጥ የሰው እጅ የነካቸውን ነገሮች ሁሉ ይዘርዝሩ፦ ጋሪው፣ መንገዱ፣ በሩ፣ ከዛፍ ላይ በከፍታ የተሰቀለው የሳንቃ የወፍ ቤት። ከዚያ እያንዳንዱ በቅርቡ ምን እንደ ተደረገበት፣ ቀጥሎም ምን እንደሚደረግ ይጠይቁ። ሥዕሉ ውስጥ ጊዜ የሚፈሰው በዚህ መንገድ ነው።

መንገዱን በተለይ አክብረው ይዩት። አመዳይ ለሩሲያ ገበሬ መንገድ ዘጊ ብቻ አልነበረም፤ እንዲያውም ጭቃው ሲረጋና ወንዙ ሲጠነክር ተንሸራታቹ ጋሪ እንደ ልብ ይሄድ ነበር፣ እንጨትና እህል የሚጓጓዘውም ያኔ ነበር። የሚያስቸግረው አመዳዩ የሚቀልጥበት፣ መንገዱ ጭቃ የሚሆንበት ጊዜ ነው። የሌቪታን ጋሪ የቆመበት መንገድ ቡናማ መሆኑ እንግዲህ ሁለት ነገር ይናገራል፤ ጸደይ እየመጣ ነው፣ ጋሪውም በቅርቡ ሥራ ይፈታል።

ደረጃ 6፦ ቀለሙ እንዴት እንደ ተቀባ ይመልከቱ

ምስሉን አጉልተው (የትሬቲያኮቭ ቤተ ሥዕል ትልልቅ ምስሎች አሉት) የብሩሹን ምት ይዩ። እዚህ ላይ ከሌቪታን ይልቅ ግራባር ይበልጥ ያስተምራል። ግራባር በሞስኮ አቅራቢያ በዱጊኖ ርስት ሳለ አንድ ብርዳማና ፀሐያማ ጧት ከእጁ የወደቀ ዱላ ለማንሣት አጎነበሰ፤ ቀና ሲል «ቤሬዛ» የተባለውን፣ ቅርፊቱ ነጭ የሆነውን ዛፍ ከሥሩ ወደ ላይ አየው። ከታች ሲታይ ያንን ያህል ቀለም በመያዙ ተደንቆ ከአንድ ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው አመዳይ ውስጥ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ትልቁን ሸራ ይዞ ገባበት፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ጃንጥላ ዘርግቶ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ሣለ። ሥዕሉን ሲያዩ ግንዱ ወደ ላይ የሚተኮሰው፣ አድማሱም ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ስለዚህ ነው። ቀለሞቹንም በቀለም ሰሌዳው ላይ በጥብጦ አላዋሐዳቸውም፤ ሰማያዊውን ከሮዙ፣ ቢጫውን ከወይን ጠጁ ጎን ለጎን በወፍራሙ አስቀምጧቸዋል። ሁለት ሜትር ራቅ ብለው ሲያዩት የሚዋሐዱት በእርስዎ ዐይን ውስጥ ነው።

«መጋቢት» በዚህ ረገድ ቁጥብ ነው። ሌቪታን ሞቃቱን ቢጫ በቤቱ ግድግዳ ላይ አከማችቶ ቀዝቃዛውን ሰማያዊ ለጥላውና ለሰማዩ ሰጠ፤ ጥቁር አረንጓዴውን የጥድ ጫካ በመካከላቸው እንደ መቀነት አሰረው። የወረቀቱን ቀዳዳ ትተው አሁን ደግሞ ቢጫውን ግድግዳ በእጅዎ መዳፍ ይሸፍኑት። አመዳዩ ወዲያው ይበርዳል፣ ሰማያዊነቱም ይደክማል፤ እጅዎን ሲያነሡ መልሶ ይሞቃል። በእኔ እምነት የዚህ ሥዕል ምሥጢር ያለው እዚህ ነው፤ ሙቀቱን የሚያመጣው በጥቂት ቦታ የተቀመጠ ቢጫ ነው።

ከሺሽኪን እስከ ግራባር ያለውን ይህን ትምህርት ብዙ ኢትዮጵያውያን ሠዓሊዎች በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ለትምህርት ሌኒንግራድና ሞስኮ በሄዱ ጊዜ ከዋናዎቹ ሸራዎች ፊት ቆመው አይተውታል። ከእነርሱ አንዱን የማግኘት ዕድል ያለዎት ሰው ስለ ጥላ ቀለም ቢጠይቁት ከብዙ ንባብ የሚበልጥ ነገር ይነግርዎታል።

ደረጃ 7፦ ምልክትንና የሕይወት ታሪክን በመጨረሻ ያስገቡ

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝ ትርጓሜ «አመዳይ ሞት ነው፣ ነጭ መግነዝ ነው» የሚል ነው። ይህ በአንዳንድ ሥዕል ይሠራ ይሆናል፤ እንደ ሕግ መያዝ ግን የሩሲያን ገበሬ ዕውቀት መናቅ ነው። በመኸር የተዘራውን አጃ ከብርድ የሚሸፍነው አመዳይ ነው፤ አመዳይ ከበዛ እህል ይበዛል የሚል አባባልም አላቸው። ምልክት ከመሰየምዎ በፊት በሥዕሉ ውስጥ የሚደግፈው ነገር መኖሩን ያረጋግጡ። በ«መጋቢት» ላይ ያለው ከፍ ብሎ የተሰቀለ የወፍ ቤት ከዚህ ፈተና የሚያልፍ ነው፤ ሩሲያውያን እንዲህ ያለውን ቤት የሚሰቅሉት ከሙቅ አገር ለሚመለሱ ወፎች ነውና፣ በዚያው ወር በብሥራት ዕለት ወፍ የመልቀቁ ልማድም ስላለ፣ የሚጠበቅ እንግዳ ምልክት ነው ብሎ መጻፍ ይቻላል።

የሕይወት ታሪክንም እንደዚሁ ይጠንቀቁ። ሌቪታን በድህነት ያደገ አይሁዳዊ ነበር፤ በ1879 በአይሁዳውያን ላይ በወጣ ትእዛዝ ከሞስኮ ተባርሯል፤ ከባድ የመንፈስ ጭንቀትም ያሠቃየው ነበር። ይህ ሥዕል በተሣለበት ዓመት፣ በዚያው በጎርካ ርስት፣ በሰኔ ወር ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ ቆስሏል። ይህን የሚያውቅ ሰው ወደ ሥዕሉ ተመልሶ በሰማያዊው ጥላ ውስጥ ኀዘን ይፈልጋል። እባክዎ አይፈልጉ። ሸራው ላይ ያለው የሞቀ ግድግዳ፣ የሚቀልጥ ጣራና ገርበብ ያለ በር ነው። ያ ሰው ያንን ሁሉ ተሸክሞ ይህን ማየት መቻሉ ሊያስደንቀን ይገባል፤ የሥዕሉን ብርሃን ግን በሕመሙ ልናጨልመው አይገባም።

ደረጃ 8፦ ትርጓሜዎን በአንድ አንቀጽ ይጻፉ

አንቀጹን ከብርሃኑ ይጀምሩ፣ ወደ አመዳዩ ዕድሜ ይለፉ፣ ከዚያ ወደ ሰው ዱካ፣ ስሜቱን ግን የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ያድርሱት። የጻፉትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በጣትዎ በሥዕሉ ላይ ማሳየት ካልቻሉ ይሰርዙት። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ሰማዩ ጠርቶ ጥላዎቹ ሰማያዊ ሆነዋል፤ በደጃፉ ጣራ ላይ ያለው አመዳይ ሊንሸራተት ተቃርቧል፣ መንገዱም ቡናማ ሆኗል። የተጠመደው ፈረስ በፀሐይ ሞቅ ባለው ቢጫ ግድግዳ አጠገብ የሚጠብቀው ገርበብ ባለው በር የገባውን ሰው ነው፤ ከጫካው በላይ ያለው ባዶ የወፍ ቤትም የሚጠብቀው አለው። ሥዕሉ ጸደይን አያሳይም፤ መጠበቅን ነው የሚያሳየው።»

ይህን ከጨረሱ በኋላ የሌቪታን መምህር የነበረውን የአሌክሲ ሳቭራሶቭን «ቁራዎቹ መጡ» (1871፣ 62 በ48.5 ሳንቲሜትር) ይክፈቱ። ወፎቹ በትክክል ቁራ ሳይሆኑ «ግራች» የሚባሉ ዘመዶቹ ናቸው። ንድፉ የተጀመረው በኮስትሮማ ጠቅላይ ግዛት በሞልቪቲኖ መንደር ነው፤ በተጣመሙት ዛፎች ላይ የወፍ ጎጆ ሞልቷል፣ ከጀርባ ቤተ ክርስቲያኑና ደወል ቤቱ ይታያሉ፣ ከታች አንዲት ወፍ ጭራሮ በአፏ ይዛለች። እዚያ ወፎቹ ስለመጡ መጠበቁ አብቅቷል፣ ብርሃኑ ግን እንደ «መጋቢት» አልፈካም። የተቀደደውን ወረቀትዎን በሥዕሉ ግርጌ ባለው አመዳይ ላይ ያኑሩና ከደረጃ 2 ይጀምሩ፤ ጥላው ፈዝዞ ወደ ግራጫና ወደ ቡናማ ሲያደላ ያገኙታል፣ ሰማዩ ስንት ደመና እንደያዘም ቀና ሳይሉ ሊናገሩ ይችላሉ።